የጎደለው ጅማት ሒሳብ

(በወሩ ስብሰባችን ላይ ከሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ተራው የሒሳብ ክፍሉ ነው። ባለፈው ተራችን ስለ ታክስ ስናወራ ከኋላ የተቀመጡት እትዬዎች እንቅልፍ ሲወስዳቸው አይተናል። አልተቀየምንም፤ እኛም ኮሌጅ ለዲፕሎማ ስንማር በዚያው ትምህርት ላይ አንቀላፍተናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ቤዝቦል ተጫዋች እናወራለን። አትሳቁ፤ መጨረሻው እዚሁ፣ የብድር መዝገባችን ላይ ነው የሚያርፈው።

ቤዝቦልን የምናውቀው በልጆቻችን በኩል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ በፔርሙስ ይዘን ሜዳ ዳር ስንቀመጥ መጀመሪያ ምንም አይገባንም ነበር። ቀስ በቀስ ዓይናችን ወርዋሪው ላይ አረፈ። ወርዋሪው ሜዳው መሃል ከፍ ባለች አፈር ላይ ብቻውን ይቆማል። ኳሷን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል። ቡድኑ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ውጤቱ በአንድ ወርዋሪ ስም ይመዘገባል። ሜዳ ላይ ዘጠኝ ሰው ቆሞ ትርፉም ዕዳውም በአንድ ሰው ስም! የሒሳብ ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል።

ሰውየው አር ኤ ዲኪ ይባላል። እኛ በምንኖርባት በናሽቪል በ1974 የተወለደ፣ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምንናገረው። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ወርዋሪ ነበረና በ1996 ቴክሳስ ሬንጀርስ የሚባለው ቡድን በመጀመሪያው ዙር ምልመላ በ18ኛ ተራ መረጠው። በዚያው ክረምት ከአሜሪካ ቡድን ጋር በአትላንታ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ሬንጀርስ ለፊርማው ያቀረቡለት 810,000 ዶላር ነበር።

ከዚያ አንድ ፎቶግራፍ መጣ። በአንድ የቤዝቦል መጽሔት ሽፋን ላይ ከኦሎምፒክ ጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሳለ የሚወረውርበት ቀኝ እጁ እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብሎ አልወረደም፤ ክርኑ ላይ ጎበጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። የቡድኑ የጤና ባለሙያ ይህን አይቶ ጠረጠረ። ሲመረመር ከክርኑ ውስጥ አንድ ጅማት የለም። ተበጥሶ፣ ላልቶ አይደለም፤ ጭራሹን የለም። እንዲህ ያለ ሰው በር ሲከፍት እንኳ ሊያመው ይገባ ነበር ተባለ። እሱ ግን ዓመታት ሙሉ ሲወረውር ኖሯል፣ አላመመውም።

810,000ው 75,000 ሆነ።

ልዩነቱን እኛ ደምረን ቀንሰን አይተነዋል፤ 735,000 ዶላር ነው። እውነቱን ለመናገር የዚያ ቡድን ሒሳብ ሠራተኞች ብንሆን እኛም ቁጥሩን እንቆርጠው ነበር። ሰነዱ ትክክል ነው፤ ጅማቱ የለም። ነገር ግን በዚያው ሰነድ ላይ ሌላም መስመር ሊጻፍ ይችል ነበር፦ ያለ ጅማቱ እዚህ ድረስ መጥቷል የሚል። ያንን መስመር ማንም አልጻፈውም።

ቀጥሎ ያሉትን ዓመታት ቶሎ እንለፋቸው፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ቢያልፉለት ይመርጥ ነበር መሰለን። ዋናው ሊግ የገባው በ2001 ነው፣ በ26 ዓመቱ። ከዚያ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2005 ትከሻው ደክሞ ውርወራው ፍጥነት ሲያጣ የሬንጀርስ አሠልጣኞች አስቀምጠው አነጋገሩት። በያዝከው መንገድ አያዋጣህም፣ ናክልቦል ወርዋሪ ሁን አሉት። ለእነሱም ፍትሕ እንስጥ፤ ዋጋውን የቀነሰው ቡድን ነው ሁለተኛውን ሙያ ያሳየው።

ናክልቦል ምን እንደሆነ ልጆቻችን በብርቱካን አሳይተውናል። ሌላው ወርዋሪ ኳሷን በጣቱ አሽከርክሮ በኃይል ይለቃታል። ናክልቦል ወርዋሪ ግን ኳሷን በጥፍሩ ጫፍ ይዞ እንዳትሽከረከር አድርጎ ይገፋታል። የማትሽከረከር ኳስ ስፌቷ ነፋሱን ባልተስተካከለ መንገድ ይነካውና ወዲያ ወዲህ ትዋልላለች። የት እንደምትደርስ መቺውም፣ ተቀባዩም፣ ወርዋሪውም በእርግጥ አያውቁም። ተቀባዩ ሰፋ ያለ ጓንት ያጠልቃል። ሙያው የጥፍር ሙያ ስለሆነ ትልቁ ሰውዬ እንደ ሙሽራ ጥፍሩን ሲሞርድ ይውላል። የሚያውቁት ሰዎችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዲኪ ቻርሊ ሃፍ ከሚባል አንጋፋ ወርዋሪ ዘንድ ሄዶ ተማረ። 30 ዓመት አልፎታል፣ ልጆች አሉት፣ ጀማሪ ተማሪ ነው። ከእኛ መካከል አገር ቤት አሥር ዓመት አስተምራ እዚህ ከሀ ሁ የጀመረችው ይህ የሚሰማት ይመስለናል።

ሚያዝያ 6 ቀን 2006 በአዲሱ ሙያ ዋናው ሊግ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ጀመረ። የዲትሮይት መቺዎች ስድስት ጊዜ ኳሷን ከሜዳ ውጭ ላኳት። ሆምረን ይሉታል። በአንድ ጨዋታ በአንድ ወርዋሪ ላይ ስድስት ሆምረን በዘመኑ ከተመዘገበው ሁሉ የባሰው ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ወደ ታች ወረደ፤ ለሬንጀርስም በዋናው ሊግ አልወረወረም።

በ2007 የት ነበር መሰላችሁ? እዚሁ፣ የናሽቪል ሳውንድስ ተጫዋች ሆኖ። አንዳንዶቻችን ያኔ ከተማዋን ገና አውቶቡስ እየተሳሳትን የምንማርበት ጊዜ ነው። በዚያ ክረምት ቡድኑ ኦማሃ ሄዶ ሳለ ሚዙሪ ወንዝን ዋኝቼ እሻገራለሁ ብሎ ጓደኞቹ እያዩት ገባ፣ ሊሰጥም ለጥቂት ተረፈ። ይህን ለጀግንነት አንነግራችሁም። የልጆች አባት ወንዝ ውስጥ ዘሎ ሲገባ የቤቱ ቁጥር ሁሉ አብሮት ነው የሚገባው፤ ሰነፍ ሥራ ነው። የምንነግራችሁ ሰው ዋጋ የለኝም ብሎ ሲያምን ምን ድረስ እንደሚሄድ ስለሚያሳይ ነው።

ይህን ነገር እሱ ራሱ በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። በዚያው መጽሐፍ ሌላም ነገር ገለጠ፤ በልጅነቱ፣ ስምንት ዓመት ሆኖት፣ ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰበትና ብዙ ዓመት በሆዱ ይዞት እንደኖረ። በዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር ምን እንደሚያስከፍል የምናውቅ አለን። በዚያው ዓመት በጥር ወር ኪሊማንጃሮ ተራራ ወጣ። የወጣው በሙምባይ ከተማ ለወሲብ ንግድ የተሸጡ ልጃገረዶችን ለሚያስወጣ ድርጅት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። ያኔ የሚጫወትለት ኒው ዮርክ ሜትስ ተራራው ላይ ብትጎዳ ውልህን ልንሰርዘው እንችላለን ብሎ አስጠንቅቆታል። ሄደ፣ በደኅና ተመለሰ።

ሜትስም ቢሆን በ2010 ሲቀጥረው በትልቅ ተስፋ አልነበረም። በፀደዩ ልምምድ ቀድመው ወደ ታች ከላኳቸው አንዱ እሱ ነበር። ሆኖም በግንቦት ጠሩት፣ ቆየ። ከዚያ 2012 መጣ። በሰኔ ወር በሁለት ተከታታይ ጨዋታዎች ለተጋጣሚዎቹ አንድ አንድ ምት ብቻ ፈቀደ። ዓመቱን 20 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ጨረሰ፤ 230 መቺዎችን ኳሷን ሳይመቷት ወደ ወንበራቸው መለሰ። ልብ በሉ፣ ቡድኑ በዚያ ዓመት ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል። በኅዳር የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመውን ሳይ ያንግ ተሸለመ፤ ናክልቦል ወርዋሪ ሲያገኘው የመጀመሪያው ነው። ዕድሜው 38 ነበር። ብዙ ሳይቆይ ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ወሰደውና ለሁለት ተጨማሪ ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። ክርኑ ውስጥ ያ ጅማት አሁንም የለም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለንግግር ይመቸን ነበር። አላለቀም። በቶሮንቶ የመጀመሪያ ዓመቱ 14 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ ተመልካቹ አጉረመረመ። በጥቅምት 2015፣ በ40 ዓመቱ፣ የመጀመሪያውን የማጣሪያ ጨዋታ ጀመረ። ተጋጣሚው ማን ነበር? ቴክሳስ ሬንጀርስ፣ ያውም በገዛ ሜዳቸው። ቡድኑ 7 ለ 1 እየመራ ነው። ጀማሪ ወርዋሪ ድሉ በስሙ እንዲጻፍለት 15 መቺዎችን ማስወጣት አለበት። ዲኪ 14 አስወጥቶ ሳለ አሠልጣኙ መጥቶ ኳሷን ተቀበለው። ቶሮንቶ አሸነፈ፤ ድሉ ግን ተተክቶ በገባው ወርዋሪ ስም ተመዘገበ። አንድ መቺ ጎደለ። ይህን ስናነብ ሦስታችንም ወረቀቱን አስቀምጠን ዝም አልን።

በ2017 ለአትላንታ 10 አሸንፎ 10 ተሸንፎ አበቃ። ጠቅላላ ሒሳቡ 120 ድል፣ 118 ሽንፈት። አቻችለን ከደመርነው ከነገርናችሁ ሁሉ የሚቀረው ሁለት ብቻ ነው። ስድስቱ ሆምረንም፣ ሳይ ያንጉም፣ አሥራ አምስተኛው መቺም በዚያች ሁለት ውስጥ አይታዩም። ድምሩ ስሕተት የለበትም። እኛ ቁጥር እናምናለን፣ እንጀራችን ነው። ግን የሒሳብ መግለጫ ራስጌው ላይ ሁልጊዜ «እስከዚህ ቀን ድረስ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ያንን ጽሑፍ ሳናነብ ወደ ድምሩ የምንዘልል እኛው ነን።

ወደ መዝገባችን እንምጣ። የብድር ደንባችን አንቀጽ 7 እንዲህ ይላል፦ ብድሯን በጊዜው ያልመለሰች አባል ለአምስት ዓመት አትበደርም። የጻፍነው እኛ ሦስታችን ነን፤ አንድ ምሽት ተቀምጠን፣ የማኅበሩ ገንዘብ እንዳይባክን ብለን። ባለፈው መጋቢት አንዲት እህታችን 5,000 ዶላር ለመበደር አመለከተች። እንድንናገረው ፈቅዳልናለች። ከዚህ በፊት የከፈተችው የእንጀራ መጋገሪያ ተዘግቷል፣ ብድሩም በሰባት ወር ዘግይቶ ነው የገባው። ፋይሉን ከፈትን፣ «ዘግይታለች» የሚለውን አየን፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መለስናት። ቡናዋን ሳትጨርስ ወጣች።

በኋላ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አወጣን። መጋገሪያው ከተዘጋ በኋላ፣ ገቢ ሳይኖራት፣ ሌሊት ሆስፒታል ወጥ ቤት እየሠራች ነው ሙሉውን የከፈለችው። አንድ ሳንቲም አልቀረባትም። በዚያው ዓመት የምግብ አያያዝ ፈተና ወስዳ የምስክር ወረቀት አግኝታለች። ይህ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ነበር፤ ደረሰኞቹም በራሳችን ፊርማ የተቀበልናቸው ናቸው። የጎደለውን ጅማት አይተን እጁን አላየንም።

ስለዚህ አንቀጽ 7 እንዲሻሻል እንጠይቃለን። ዘግይታ ጨርሳ የከፈለችና ጭራሽ ያልከፈለች በአንድ መስመር እንዳይጻፉ፣ ማመልከቻም አመልካቿ ራሷ ሳትሰማ እንዳይመለስ። ገንዘቡ የሁላችሁም ነውና ተቃውሞ ካላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ መጋገሪያው እንደገና ሊዘጋ እንደሚችል እኛም እናውቃለን። የተሻሻለው ጽሑፍ እየታደለ ነው፣ መነጽር የረሳችሁ ከጎናችሁ ያለችው ታንብብላችሁ። አቦሉ ሲጠጣ ውይይት፣ ቶናው ሲቀርብ እጅ እንቆጥራለን።