የእናቶቻችንን ሕመም ለልጆቻችን እንንገር
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የጂንካ ሰዎች ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ምን አመማት?» ስንባል «ሆዷን ነው» ብለን እናልፋለን። እናት፣ ከዚያም ልጅ በዚሁ ዓይነት ሲሄዱ ግን «የዘር እርግማን አለባቸው» የሚል ሐሜት ይከተላል። የቤቱ ሴት ልጆች ለትዳር ሳይቀር ይፈራሉ። ታዲያ ይህ ሐሜት እውነት አይደለም።

የሴት እንቁላል በሚፈጠርበት ዕጢ ላይ የሚነሣ ካንሰር አለ። ካንሰር ማለት የሰውነት ሕዋስ ልክ አጥቶ ሲባዛ ነው። መባዛቱን የሚቆጣጠሩት በየሕዋሱ ውስጥ ያሉት ጂን የሚባሉ መመሪያዎች ናቸው። ከነዚህም ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 እና በ1995 ተለይተው የታወቁት ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 ሥራቸው የተበላሸውን መጠገን ነው።

የእድራችንን መዝገብ አስቡት። አንዱ ቅጂ ከሊቀ መንበሩ፣ ሌላው ከጸሐፊው ዘንድ ቢቀመጥ፣ አንዱ ሲበላሽ በሌላው ይታረማል። ሁለቱም ከተበላሹ ግን ስሕተት በስሕተት ላይ ይደራረባል። ጂንም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወርሳለን። አንዱን ተበላሽቶ በወረሰች ሴት ላይ ሁለተኛው በዕድሜዋ ውስጥ በአንዲት ሕዋስ ቢጠፋ ጥገናው ይቆማል። ቲፒ 53 የሚባለው ዘበኛ ጂን ደግሞ በብዛት በሚታየው የዚህ ካንሰር ዓይነት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ተበላሽቶ ይገኛል።

እንግዲህ ሕመሙ እርግማንም ተላላፊም አይደለም። አብዛኞቹ ሕመምተኞችም በውርስ የታመሙ አይደሉም። የተወረሰ ሲሆን ግን በአባትም በኩል ስለሚመጣ የአክስትን ሞት ከቁጥር አናውጣ። የጡት ካንሰርም ከዚሁ ጉድለት ይመጣልና እሱንም እናስታውስ። ይህ በእድር መዝገብ የሚጻፍ አይደለም፤ የቤት ምሥጢር ነው። ለልጆችና ለሐኪም ግን ይነገር።

የሆድ መነፋት፣ ትንሽ ቀምሶ መጥገብ፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት ለሳምንታት ካልተወ፣ «ገበያው ይለፍ» ሳንል ወደ ጂንካ ሆስፒታል እንሂድ። ከዚያ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ድረስ የምትላክ እኅት ብትኖር መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ ለድንኳንና ለንፍሮ ከምናዋጣው ላይ ጥቂት ቀንሰን ለሕመምተኛ መሳፈሪያ ብናደርገው ምን ይመስላችኋል? ከቀበርናት በኋላ ከምናለቅስላት በሕይወት ሳለች ብንሸኛት ይሻላል እኮ!