አናናስ የሚሸተው ሴጅ

ሳልቪያ ኤሌጋንስ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው ይህ ተክል ከበሶብላና ከዳማ ከሴ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ መገኛው የሜክሲኮና የጓቲማላ ደጋማ ደኖች ናቸው። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ የበሰለ አናናስ ስለሚሸት ሻይ ይፈላበታል፤ ቀዩ አበባውም ሰላጣ ላይ ተነስንሶ ይበላል፣ ምንም እንኳ አብዛኛው ሰው ለዐይን ብቻ ቢተክለው።

የእርሻ ባለሙያዎች «የአጭር ቀን ተክል» ከሚሏቸው፣ ማለትም ሌሊቱ ሲረዝም ብቻ አበባ ከሚቋጥሩት ወገን በመሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የበረንዳ አምፖል ሥር ከተተከለ ማበቡ ሊዘገይ ይችላል፤ ውርጭ በሚጥልበት አገር ደግሞ ይህ መዘግየት አበባውን ጨርሶ ሊያስቀር ይችላል። ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ይስማማዋል፤ ሆኖም ሲጠማ ቅጠሉ ቶሎ ይጠወልጋል። ለማራባት ከዘር ይልቅ ቁራጭ ይመረጣል፤ ከአንጓ በታች የተቆረጠና የታች ቅጠሎቹ የተነሱለት ለጋ ቅርንጫፍ ውኃ ውስጥ እንኳ ሥር ያወጣል።