በኪስ የሚያዙ የጆሮ ማዳመጫ ማጉያዎች፤ አጠቃቀማቸውና አመዛዘናቸው



ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ያለችው ጋፋት በኢትዮጵያ የቴክኒክ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ እንዳላት የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እነዋልድማየርን የመሳሰሉ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ሰዎቹ መድፍ መሥራት የተማሩ ስላልነበሩ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ቢሆንም ከብዙ ድካም በኋላ ሴቫስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ከጋፋት ምድጃ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መንገድ እያስጠረጉ፥ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት እያስጎተቱ፥ ጂዳንና በሽሎን አሻግረው መቅደላ አደረሱት። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው ይገኛል።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ለጽናት ምሳሌ ሆኖ ነው፤ ይገባዋልም። ለመሐንዲስ ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያቀርብለታል፤ ይኸውም መሣሪያው ሊሠራበት ከታሰበው ሥራ ጋር ተመጣጥኗልን የሚለው ነው። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል ለሚባለው መድፍ የሚነሣው ይህ ጥያቄ፥ ከአውራ ጣት ለማይበልጥና ከስልክ ጋር ለሚገጠም የጆሮ ማዳመጫ ማጉያም እንዲሁ ይነሣል። የዚህ ንግግር ርእስም ይኸው ትንሽ ዕቃ ነው።

ነገሩ ለደቡብ ጎንደር ደጋ ባዕድ አይደለም። የጋፋት ስም ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም መጠሪያ ሆኗል። በሌላ በኩል ይህ አገር የዜማ አገር ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነው ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ የሊቃውንትን ዜማ መቅዳትና መልሶ ማድመጥ ቀላል ሆኗል። ነገር ግን በስልክ የሚቀዳ ድምፅ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ቅጂው ሲደክም አድማጩ ጉድለቱን በስልኩ ወይም በማዳመጫው ያሳብብና ማጉያ ይገዛል። ገንዘቡ በከንቱ እንዳይወጣ፥ ከሁሉም በላይ ጆሮው እንዳይጎዳ፥ የዕቃውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ዕቃው በስሙ ማጉያ ይባል እንጂ ሁለት ሥራ አጣምሮ ይይዛል። ከስልኩ በዩኤስቢ የሚመጣው ድምፅ በአሐዝ የተጻፈ ነው። በመጀመሪያ ዳክ የሚባለው ክፍል ይህን አሐዝ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል፤ ቀጥሎ ማጉያው ሞገዱን የማዳመጫውን ሽፋን ለማንቀሳቀስ በሚበቃ ቮልትና ጅረት ያወጣዋል። ቀድሞ ሁለቱም ክፍሎች በስልኩ ውስጥ ነበሩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የማዳመጫውን ቀዳዳ ካስወገደና ሌሎችም አምራቾች ከተከተሉት በኋላ ግን ሥራው ወደ ውጭ ወጣ። እርግጥ ነው፤ ኦዲዮክዌስት ድራጎንፍላይ የተባለውን በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ ለኮምፒዩተር ያቀረበው ከዚያ በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። ዛሬ ፊዮን፥ ሙንድሮፕንና አይባሶን የመሳሰሉ የቻይና አምራቾች በየዓመቱ አዳዲስ ዓይነቶችን ያወጣሉ። የውስጥ ቺፖቻቸው በአብዛኛው የኢኤስኤስ ወይም የሲረስ ሎጂክ ሥራዎች ስለሆኑ፥ መልካቸውና ዋጋቸው የተለያዩ ዕቃዎች በውስጣቸው አንድ ዓይነት ቺፕ ይዘው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ሁለት ማጉያዎችን ለማነጻጸር የመጀመሪያው ቁጥር የሚያወጡት ቮልት ነው። ትንሹ የአፕል ማገናኛ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው እስከ 1 ቮልት ያህል ያወጣል፤ ለአውሮፓ የተሠራው ግን በዚያ ባለው የድምፅ ወሰን ምክንያት ወደ ግማሽ ቮልት ዝቅ ያለ ነው። ድራጎንፍላይ ጥቁሩ 1.2 ቮልት፥ ቀዩ 2.1 ቮልት ያወጣሉ። ባለ 4.4 ሚሊሜትር መሰኪያ የሆኑት አዳዲሶቹ ደግሞ እስከ 4 ቮልት ይደርሳሉ። ቮልት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 6 ዴሲቤል ብቻ እንደሆነ ልብ ሊባል ይገባል።

ሁለተኛው ቁጥር ያለው በማጉያው ላይ ሳይሆን በማዳመጫው ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ኢምፒዳንሱ 32 ኦም፥ ትብነቱም በ1 ሚሊዋት 100 ዴሲቤል የሆነ ተራ ማዳመጫ እንውሰድ። 1 ቮልት ሲሰጠው 31 ሚሊዋት ያህል ይቀበላል፤ ድምፁም ወደ 115 ዴሲቤል ይደርሳል። ይህ ጆሮ ከሚችለው በላይ ነው። ከባድ ነው የሚባለውን ባለ 300 ኦሙን ዜንሃይዘር ኤችዲ 650 ብንወስድ፥ በአምራቹ መግለጫ መሠረት በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል ይሰጣል። ስለዚህ ትንሿ ማገናኛ እንኳ ይህን ማዳመጫ ለቤት ውስጥ ማድመጥ ብዙውን ጊዜ ታንቀሳቅሰዋለች። በ4 ቮልት 115 ዴሲቤል ይሆናል፤ ነገር ግን ያን ያህል ድምፅ የሚፈልግ ጤነኛ ጆሮ የለም።

ሦስተኛው ቁጥር ብዙ ገዢ የማያየው የማጉያው የራሱ መውጫ ኢምፒዳንስ ነው። አንዳንድ በጆሮ ውስጥ የሚገቡ ማዳመጫዎች ኢምፒዳንሳቸው እንደ ድምፁ ድግግሞሽ ይለዋወጣል። በአንዱ ድግግሞሽ 8 ኦም፥ በሌላው 40 ኦም የሆነ ማዳመጫ ከባለ 10 ኦም መውጫ ጋር ቢገናኝ፥ በሁለቱ ድግግሞሾች መካከል የ5 ዴሲቤል መበላለጥ ይፈጠራል፤ ዜማው መልኩን ይለውጣል። መውጫው 1 ኦም ቢሆን መበላለጡ ከ1 ዴሲቤል በታች ይወርዳል። በዚህ ምክንያት የማጉያው መውጫ ኢምፒዳንስ ከማዳመጫው ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ የሚል የሙያ ልማድ አለ። በስሜት ብቻ «ይህኛው ሞቅ ያለ ነው፥ ያኛው ደረቅ ነው» የሚባለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ከስልኩ ጋር ያለው ግንኙነትም መታየት አለበት። አንድሮይድ የዩኤስቢ ድምፅን በራሱ መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በ5.0 እትም ነው። ሆኖም ሥርዓቱ ድምፆችን ሁሉ በአንድ ቋት ስለሚያደባልቅ፥ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ ወደ 48 ተለውጦ ይወጣል። አሐዙ ሳይለወጥ በዩኤስቢ እንዲያልፍ የሚያስችል መንገድ በይፋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2023 በ14ኛው እትም ነው። ደግሞም የአፕልን ማገናኛ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የገጠመ ሰው ድምፁ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል፤ ምክንያቱ ስልኩ የማገናኛዋን የውስጥ መጠን እስከ ጫፍ አለመክፈቱ እንጂ የማገናኛዋ ድካም አይደለም። በመጨረሻም እነዚህ ዕቃዎች የራሳቸው ባትሪ ስለሌላቸው ከስልኩ ይበላሉ። መብራት እየጠፋ በሚመጣበት አካባቢ ኀይለኛውን ማጉያ የመረጠ ሰው ስልኩ ከቀኑ እኩሌታ በፊት ቢዘጋበት ሊደነቅ አይገባውም።

እንግዲህ ንጽጽሩ እንዴት ይካሄድ? ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ አድርጎ ይቀበላል። ስለዚህ የሁለቱ ማጉያዎች ድምፅ እስከ 0.1 ዴሲቤል፥ ማለት በቮልት እስከ 1 በመቶ ያህል፥ እኩል ካልሆነ ፍርዱ ዋጋ የለውም። ማዳመጫው እንደተሰካ የ200 ኸርዝ ድምፅ አጫውቶ ቮልቱን በመልቲሜትር መለካት ይቻላል፤ ርካሽ መልቲሜትሮች ከ400 ኸርዝ በላይ ስለሚሳሳቱ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ይመረጣል። ቀጥሎ አድማጩ የትኛው ማጉያ እንደተሰካ ሳያውቅ 16 ጊዜ ይፈተን። 12 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ በትክክል ከለየ፥ በዕድል ብቻ እንዲህ የመሆኑ ነገር ከመቶ 4 ያህል ስለሆነ፥ ልዩነቱን ሰምቷል ማለት ይቻላል። 9 ወይም 10 ጊዜ ከለየ ግን ገንዘቡን በኪሱ ቢያቆይ ይሻለዋል።

ለመፈተኛ የሚሆነውን ድምፅ ከውጭ መፈለግ አያስፈልግም። በገና ለዚህ ተስማሚ ነው። ዐሥሩ ክሮች እንዝራ የተባለውን ቆዳ እየነኩ የሚሰጡት ንዝረት፥ ከወፍራሙ መሠረታዊ ድምፅ ጋር ብዙ ረቂቅ ድምፆችን አንድ ላይ ያወጣል። የመምህር ዓለሙ አጋ የበገና ቅጂ በኢትዮፒክ ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ስለታተመ ማንም ሊያገኘው ይችላል። ከበሮ የድንገተኛ ኀይልን፥ ጸናጽል የረቂቁን ጥራት፥ ማሲንቆ ደግሞ የመካከለኛውን ድምፅ ያስመረምራሉ።

አሁን ወደ ደካማው ቅጂ እንመለስ። አንድ አረጋዊ የድጓ መምህር በጎጆ ውስጥ ሲያዜሙ ተማሪያቸው ራቅ ብሎ በስልክ ቀዳቸው እንበል። የቅጂው አማካይ መጠን ከጫፉ 35 ዴሲቤል ዝቅ ቢል፥ ከላይ የተጠቀሰው ባለ 300 ኦም ማዳመጫ በ1 ቮልት የሚሰጠው 68 ዴሲቤል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ማጉያ ይረዳል። ነገር ግን ከመምህሩ ድምፅ ጋር በቅጂው ውስጥ ያለውን የጀርባ ጫጫታም እኩል ያጎላል፤ ያልተያዘውን አይመልስም። ያንኑ ማጉላት በኮምፒዩተር ላይ ያለ ክፍያ መፈጸም ይቻላል። ለቅጂው እውነተኛ መድኃኒት ስልኩን ወይም አነስተኛ ማይክሮፎንን ወደ መምህሩ አፍ ማቅረብ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ይህም ማጉያን ከ1 ወደ 2 ቮልት ከማሳደግ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፥ ጫጫታውን አብሮ የማያሳድግ ነው። ማጉያ ነገም ከነገ ወዲያም ይገዛል፤ መምህሩ ካለፉ በኋላ ግን ቅጂው ዳግመኛ አይቀዳም።

ስለ ጆሮም ዝም ማለት አይቻልም። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጡት ደረጃ ለአዋቂ ሰው የሚፈቀደው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፥ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት፥ በ95 ዴሲቤል 1 ሰዓት ከሩብ ብቻ ይቀራል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር በሚጓዝ መኪና ውስጥ የሞተሩን ጩኸት በማጉያ ለመርታት የሚሞክር ወጣት ይህን ወሰን በአንድ ጉዞ ሊያልፍ ይችላል። ለእርሱ የሚበጀው ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ማዳመጫ ነው፤ የውጩ ጩኸት ሲቀንስ ዝቅተኛው ድምፅ ይበቃልና።

ለማጠቃለል ያህል፥ ስልኩ የማዳመጫ ቀዳዳ ለሌለው፥ ማዳመጫውም ተራ ለሆነ ሰው ትንሿና ርካሿ ማገናኛ ትበቃዋለች። ማዳመጫው ባለ 300 ኦም ለሆነና ዝግ ያሉ ቅጂዎችን ለሚያደምጥ ባለ 2 ቮልቱ ይጠቅመዋል። ኢምፒዳንሱ የሚለዋወጥ ማዳመጫ ያለው ከቮልቱ ይልቅ የመውጫውን ኢምፒዳንስ ይጠይቅ። ከዚህ ያለፈውን የሚገዛ ሰው የሚገዛው ቁጥርን ነው። ሴቫስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ የጎተቱት ሰዎች የታዘዙትን ክብደት መምረጥ አይችሉም ነበር። የዛሬው ባለሙያ ግን ከመሸከሙ በፊት መመዘን ይችላል፤ ለሚያማክረውም ሕዝብ እንዲሁ አስቀድሞ የመመዘን ግዴታ አለበት።