የተደገመ ስም ስለ ማውጣት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኮምፒውተር ክበብ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ለዚህ በዓል የቀድሞ ተማሪዎችን ስም እንድንሰበስብ አደራ በተሰጠን ጊዜ ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም፤ ከቡሬ፤ ከጅጋና ከደምበጫ የመጣውን ዝርዝር በአንድነት ብናደርገው አንዱ ሰው በሁለትና በሦስት ቦታ ተጽፎ አገኘነው። ስለዚህ የተደገመውን ኮምፒውተሩ እንዲያወጣልን ቈረጥን።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት በዩኒክስ ሥርዓት የሚገኙ ሁለት ትእዛዞች ናቸው። ዩኒክስ በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረ ሲሆን፤ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብለው «ፓይፕ» በ1973 እ.ኤ.አ. ተጨመረለት። «ዩኒክ» የተባለው ትእዛዝ የተደገመውን መስመር ያስወጣል፤ ዳሩ ግን የሚያስተያየው ጎን ለጎን ተከታትለው የተጻፉትን ብቻ ነው። የዕድር ጸሐፊ መዝገብ ሲያነብ አንድ ስም ተከታትሎ ቢመጣ ወዲያው ይነቃል፤ ከዐሥር ገጽ በኋላ ቢመጣ ግን ያልፈዋል። ዩኒክም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ «ሶርት» በተባለው ትእዛዝ ስሞቹን በፊደል ተራ ማሰለፍ፤ ከዚያም በፓይፕ ለዩኒክ ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ይህንኑ አደረግን፤ ዝርዝሩም አጠረ፤ ደስም አለን። አንድ መምህራችን ግን ተመልክተው ሁለት ጥያቄ ጠየቁን።

የመጀመሪያው «ኃይሉ፤ ሃይሉና ሐይሉ ሦስት ሰዎች ናቸውን?» የሚል ነበር። ለጆሮ አንድ የሆነው ስም ለኮምፒውተሩ ሦስት ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ የገቡት ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቍጥር አላቸውና። የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ በንጉሡ «ሠ»፤ ሌላው በእሳቱ «ሰ» ጽፎት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን አሳፈረን። «በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ልጆች አስተምሬ ነበር፤ አንዷ ከቡሬ፤ አንዷ ከወንበርማ። የአንዷ ስም ወዴት ሄደ?» አሉን። የአያት ስምና የትውልድ ቦታ ስላልጻፍን ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርገናቸው ኖሯል። የአንዷ ወላጆች ዛሬ እዚህ ተቀምጠው የልጃቸው ስም ሳይጠራ ቢቀር ምን እንመልስ ነበር?

ከዚህ በኋላ ሥራውን እንደገና ጀመርነው። የመጀመሪያውን ዝርዝር ሳንነካ አስቀመጥን፤ ለማስተያየት ብቻ በሌላ ቅጂ ላይ ሞክሼ ፊደሎቹን አንድ አደረግን። ዩኒክንም «ዲ» በምትባለው ምልክት የተደገሙትን እንዲያሳየን እንጂ እንዲያጠፋቸው አላዘዝነውም። የተጠራጠርነውን ሁሉ ከየቤተ ሰቡ ጠይቀን ለየን።

ወንፊት ዱቄቱን ይነፋል እንጂ የማን እህል እንደ ሆነ አያውቅም። ያንን ማወቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ዝርዝሩ በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። ስትወጡ እንድትመለከቱልን፤ የጐደለ ስም ብታገኙም እንድትነግሩን በትሕትና እንለምናለን።