አርቢ ቁጥርና የፍሳሽ ማጣሪያ

የአዲስ አበባ ታላቁ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚገኘው በቃሊቲ ነው፤ በአቃቂ ወንዝ ዳርቻም አትክልት ይለማል። በዚህ አካባቢ የአርቢ ቁጥር ስሌት ከጥቁር ሰሌዳ አልፎ ከገበታ ይደርሳል።

በ100 ሚሊ ሊትር ጥሬ ፍሳሽ ውስጥ የሚገኙት የሰገራ ኮሊፎርም ባክቴሪያዎች ብዙውን ጊዜ ወደ 10⁷ ይጠጋሉ። ይህም ሰባት አሥሮች ተባዝተው የሚገኘው 10 ሚሊዮን ነው። ከመቶ 99ኙ ተወገዱ ቢባል ሰሚው ይደሰታል። ሆኖም ለ100 ማካፈል ከአርቢው ላይ 2 መቀነስ ብቻ ነውና 10⁵፣ ማለትም 100,000 ይቀራሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ጥሬውን ለሚበላ አትክልት መስኖ ያመለከተው ወሰን ግን 10³ ነበር።

ከ7 ወደ 3 ለመውረድ 4 መቀነስ ያሻል፤ ይህም 99.99 በመቶ ማስወገድ ነው። እያንዳንዱ ኩሬ ከደረሰው 90 በመቶውን ቢያስቀር፣ በየኩሬው አርቢው በ1 ይቀንሳል፤ ስለዚህ አራት ተከታታይ ኩሬዎች ያስፈልጋሉ። መቶኛዎቹ አይደመሩም፤ የሚደመሩት አርቢዎቹ ናቸው።

እንግዲህ መሐንዲስ «ስንት በመቶ ተወገደ?» ከማለቱ አስቀድሞ «ስንት ቀረ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሰላጣውን ለሚበላው ሰው የሚደርሰው የቀረው ነውና።