ለታመመም እንድረስ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ንግግር ዐዋቂ አይደለንም። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ዕድሜያችንን የፈጀነው በመጋዘን ጸሐፊነት፣ ዕቃ በመቁጠርና በመመዝገብ ነው። ስለዚህ የምንናገረው ከመጽሐፍ ያገኘነውን ሳይሆን በቤታችን የደረሰውን ነው። ጉዳዩ ባለቤታችንንም የሚነካ ስለ ሆነ አስቀድመን ብንጠይቃት፣ «ተናገረው፤ የጎዳን መደበቃችን ነው» ብላ ፈቅዳልናለች። ይኸው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ እየሰማች ነው።

እንደሚታወቀው በዚያን ዘመን ከውጭ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በአሰብ ወደብ ነበረ። እኛም መሥሪያ ቤታችን የሚያስመጣውን ዕቃ ለመረከብ በየሁለት ወሩ ወደዚያ እንላክ ነበር። ጉዞው በፊያት ኤንትሬ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩና ከረዳቱ ጋር ተጣቦ ነው። አዋሽ ታልፎ፣ በገዋኔ በኩል ሚሌ ይደረሳል፤ ከሚሌ ወዲያ በኤሊዳር፣ በማንዳና በቡሬ አድርጎ እስከ ባሕሩ ድረስ በረሃ ነው። የአሰብን ሙቀት ያየ ያውቀዋል፤ ሰው አልጋውን አውጥቶ ደጅ ነው የሚያድረው። ታዲያ እንዲህ እያማረርን ጉዞውን እንወደው ነበር። ለምን ቢሉ፣ አበል አለበት።

በጥቅምት ወር 1976 ዓ.ም. ባለቤታችን ሳል ጠንቶባት ብትመረመር የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። የዚያን ጊዜ ሕክምናው እንደ ዛሬው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ መወጋት፣ ከዚያም ክኒኑን ዓመትና ከዓመት በላይ መዋጥ ነበረ። የበሽታውም ስም ክፉ ነው። የታማሚው ብርጭቆ ለብቻ፣ ሳሕኑ ለብቻ ይደረጋል፤ ልጁን አቅፎ የሚስም ሰው ይጠፋል። እኛም ይህንን ፈርተን «ብርድ መትቷት ነው» እያልን ለጎረቤት አወራን።

በኅዳር ወር የጉዞ ትእዛዝ መጣ። ሌላ ሰው ይተካልን ብለን መጠየቅ እንችል ነበር። ግን «ለምን?» ቢሉን ምን ልንል ነው? ደግሞም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አበሉንም ፈልገነዋል።

ከግድግዳችን ወዲያ አንዲት ሙስሊም እናት ይኖሩ ነበር። ነባር አባሎች ታስታውሷቸዋላችሁ። በሕይወት ሳሉ መመስገን ስለማይወዱ ስማቸውን አንጠራም። ለእሳቸው እንኳ እውነቱን ሳንነግር፣ «ትንሽ ብርድ ነክቷታል፤ አደራዎን» ብለን ሄድን። አደራ እየሰጡ አደራው ምን እንደ ሆነ አለመንገር፣ የታሸገ ሣጥን ያለ ዝርዝር ማስረከብ ማለት ነው። እኛ በሥራችን እንዲህ ያለ ርክክብ አንቀበልም ነበር።

አሰብ ደርሰን ዕቃው ከመርከብ እስኪራገፍ ሦስት ሳምንት ቆየን። በመጨረሻው ሳምንት ቴሌግራም ደረሰን። «ባለቤትህ ታማለች ቶሎ ና» ይላል። በዚያው ማታ የሚነሣ መኪና ነበረ። እኛ ግን በዚያ መኪና አልተሳፈርንም፤ ሁለት ቀን ቆየን። ርክክቡ በሁለት ቀን ያልቃል፤ ጥለን ብንሄድ የቀረው አበል ይቀርብናል፤ በእሱም ልንገዛ ያሰብነው ቴፕ ነበረ፣ ቀብዱንም ሰጥተናል። ለራሳችንም «ሴቶች ቶሎ ይደነግጣሉ፤ ጉንፋን ይሆናል» አልነው። ጉንፋን አለመሆኑን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛው ነበርን። ይህንን ነገር ከ40 ዓመት በላይ በሆዳችን ይዘነው ኖረን ዛሬ በእናንተ ፊት አወጣነው።

ስንመለስ ከሚሌ ወዲህ ጎማ ፈነዳና በረሃ ላይ አደርን። ሾፌሩና ረዳቱ ተኙ፤ እኛ ቴፑን ታቅፈን ቁጭ። ያን ሌሊት «ቁልቢ ገብርኤል ሆይ፣ በሕይወት ካገናኘኸን ጃንጥላ እናስገባለን» ብለን ተሳልን። እየጸለይንም ያፍረን ነበር፤ መልአኩን ቶሎ ድረስ የምንለው እኛ ራሳችን ሁለት ቀን ዘግይተን ነውና።

ቤት ስንደርስ ባለቤታችን ሆስፒታል ተኝታለች፤ የሁለት ዓመት ልጃችን እኒያ እናት ጀርባ ላይ ታዝላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታችን አንድ ወር ያህል ከተወጋች በኋላ ሳሉ ሲቀልላት «ተሽሎኛል» ብላ መርፌውን ተወች። በጤና ጣቢያው ሰልፍ ላይ የሚያውቃት ሰው እንዳያያትም ፈርታለች። በምትኩ ልጂቱን «ገበያ ደርሼ ልምጣ» እያለች ለጎረቤት እየተወች፣ በሌሊት ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ትሄድ ጀመር። በዚያ ብርድ፣ በባዶ ሆዷ፣ ብቻዋን። አንድ ቀን ስትመለስ ደጃፋችን ላይ ወደቀች፤ ስታስልም ደም ተፋች።

እኒያ እናት ጮኸው ሰው ሰበሰቡ። የሠፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሷት። ለታክሲና ለመድኃኒት ከየኪሳቸው አዋጡ፤ ምክንያቱም የዕድራችን ደንብ ለሞተ እንጂ ለታመመ ገንዘብ ማውጣትን አይፈቅድም ነበር። ብትሞት ኖሮ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም፣ ገንዘቡም በሰዓቱ ይደርስልን ነበር። ይህን የምንለው ዕድሩን ለመውቀስ አይደለም፤ ደንቡን ያወጣነው እኛው ሁላችን ነን።

በማግስቱ እኒያን እናት ይቅርታ ልንጠይቅ ገባን። ገና ነገሩን ስንጀምረው፣ «ልጄ፣ ግድግዳችን እኮ ጭቃ ነው። ሌሊት ስታስል እሰማታለሁ። ሳንባ መሆኑን ካወቅሁ ቆየሁ፤ እስክትነግሩኝ ነው የጠበቅሁት» አሉን። የምንገባበት ጠፋን። ሰው ይሸሸናል ብለን የፈራነው፣ ያልሸሸንን ሰው ነበር።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሕክምናው እንደ ገና ከሀ ተጀመረ። እኛ ሥራ ስንገባ እሳቸው እጇን ይዘው በየቀኑ ጤና ጣቢያ ያመላልሷት ነበር። ባለቤታችን ጸበሉ ቀረብኝ ብላ ስታለቅስ፣ «ማን ተይ አለሽ? ጸበልሽንም ጠጪ፣ መርፌሽንም ተወጊ፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ፈጣሪ ነው» አሏት። እሳቸው ከሶላታቸው በኋላ ዱዓ ያደርጉላታል፤ እኛም ወር በገባ በ19 ገብርኤልን እንሳለማለን። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም አብረው እንዲወስዱ ሲመክሩ በሰማን ጊዜ፣ እኒያ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ትዝ አሉን።

ባለቤታችን መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ጨርሳ ዳነች። ታኅሣሥ 19 ቀን 1978 ዓ.ም. ቁልቢ ወርደን ጃንጥላውን አስገባን። ቴፑን ግን ደስ ብሎን ከፍተነው አናውቅም፤ ዓመት ሳይሞላው ሸጥነው።

ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ መንገድ ተዘጋና የእኛም ጉዞ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ1995 ዓ.ም. ጅቡቲ ሳለን እኒያ እናት ዐረፉ። በሙስሊም ሥርዐት ቀብር አይዘገይምና በዚያው ዕለት ተቀበሩ። እኛ የሰማነው በማግስቱ ነው። ባለቤታችን ጀናዛውን እስከ በሩ ሸኝታለች፤ እኛ ግን አንዲት አካፋ አፈር አላለበስናቸውም። ስንመለስ የዕድሩ ጸሐፊ ከቀብር የቀረንበትን መቀጮ አስታወቁን። ለመንግሥት ሥራ ሄደን ነው ብለን ማመልከቻ ብናስገባ ይነሣልን ነበር። አላስገባንም፤ ከፈልን። ደረሰኙ እስከ ዛሬ ሣጥናችን ውስጥ አለ። መቀጮው ተከፍሏል፤ ዕዳው ግን አልተከፈለም።

እንግዲህ የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፤ ለሥራም ሆነ ለንግድ ራቅ ብላችሁ የምትሄዱ፣ ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ ቢያንስ ለአንድ ጎረቤት እውነቱን ነግራችሁ ሂዱ። ዛሬ ሁሉም ስልክ በኪሱ ይዟል፤ ነገር ግን የተደበቀን በሽታ ስልክ አይናገረውም።

ሁለተኛ፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ይመርመር። የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው ታማሚው ሲያስል በአየር ነው እንጂ በብርጭቆና በሳሕን አይደለም። ዛሬ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያም መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ተሻለኝ ብሎ ያቋረጠ ሰው ግን በሽታው መድኃኒቱን ስለሚለምደው ሁለተኛው ሕክምና ይከብዳል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ክኒኑን በኪሱ ይያዝ።

ሦስተኛ፤ ደንባችን ሲሻሻል ለታመመ አባል መረዳጃ የሚሆን አንድ አንቀጽ ይግባበት። ገንዘቡ ባይበቃ እንኳ ተራ ይውጣ። ብቻውን ለሆነ በሽተኛ አብሮት ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው መመደብ ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚፈልገው እግር ነው። እኒያ እናት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው እግርና ልብ ነው።

ጡሩንባ ሲነፋ ሁላችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንወጣለን። ይህ መልካም ባህላችን ነው፤ አይቅርብን። ነገር ግን ሳል በግድግዳ በኩል ስንሰማም እንውጣ፤ ያን ጊዜ ሰውዬው ገና አለና።

ፈጣሪ የታመሙብንን ይማርልን፤ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን፤ ያለፉትንም ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።