ስለ አሮጌ ራዲዮን ካፓሲተር መለወጥ



ባለፈው ክረምት ወደ ተወለድሁባት ወደ ፍኖተ ሰላም በወረድሁ ጊዜ፥ በመስኮቱ ሥር ለብዙ ዘመን የኖረው የአባቴ ስቴሪዮ ራዲዮን በዳንቴል ተሸፍኖ ዝም ብሎ አገኘሁት። ምን እንደ ሆነ እናቴን ብጠይቃት፥ «ልጄ፥ እንደ ቀፎ ንብ እምም ይላል እንጂ ቃል አያወጣም። ወንድምህማ ለልዋጭ ልስጠው ይለኛል» አለችኝ። ይህን ራዲዮን አባቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለ፥ ከደመወዙ እያጠራቀመ በ1974 ዓ.ም. የገዛው ነው። ዜና የሚሰማበትንም ጣቢያ በመስተዋቱ ላይ በእርሳስ አስምሮበት ነበር፤ እርሱ ካረፈ በኋላም መሥመሩ አልጠፋም።

ያ እምምታ ራሱ በሽታውን ይናገራል። ወደ ቤታችን የሚመጣው የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሲሆን፥ የራዲዮን ሆድ ግን የሚፈልገው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈሰውን ነው። ስለዚህ ኃይሉ በውስጥ ወደ አንድ ወገን እንዲሄድ ይደረጋል፤ ቢሆንም በሴኮንድ 100 ጊዜ ከፍና ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ፥ ሲሞላ እንደሚያጠራቅም፥ ሲጎድልም እንደሚያፈስስ ጋን ሆኖ ይህን ያስተካክላል። ጋኑ የደከመ እንደ ሆነ ሞገዱ እንዳለ ወደ ድምፅ ማጉያው ይገባል።

በዚህ ዕቃ ውስጥ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች፥ በመካከላቸውም ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት ተጠቅልለው ይገኛሉ። ፈሳሹ በዘመን ብዛት ይደርቃል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይባላል። የመተንፈሻውን ቀዳዳ የሚደፍነው የእናቶቻችን ዳንቴልም ከጥፋቱ ድርሻ አለው። ይህን ለእናቴ ለመናገር ግን ድፍረት አጣሁ።

ዕቃውን ይዤ ወደ ቡሬ ወደ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሄድሁ። ሰውየው ከፈተና፥ ራሱ ያበጠውን ትልቁን ካፓሲተር አሳየኝ፤ በላዩም 4,700 ማይክሮፋራድ፥ 63 ቮልት ተብሎ ተጽፎበታል። በእጁ የነበረው ባለ 50 ቮልት ብቻ ስለ ሆነ፥ «ግድ የለም፥ እርሱን አግባው» ብለው፥ «ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን እንጂ ያነሰ አላገባም» ብሎ እንቢ አለኝ። ገንዘቤን አልቀበልም ያለኝን ሰው በዚያን ሰዓት አላመሰገንሁትም። ትክክለኛው ከመርካቶ በአውቶቡስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ቆየን።

በመጣም ጊዜ፥ እኔ አዋቂ ነኝ ብዬ ከትንንሾቹ አንዱን በገዛ እጄ ተከልሁ፤ የመቀነስ ምልክቱንም ገልብጬው ኖሮ፥ ኃይል ባገኘ ጊዜ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። ዓይኔን ያተረፈው ፊቴን ዞር ማድረጌ ነው። ጠጋኙ አልተቆጣኝም፤ ካውያውን ብቻ ከእጄ ወሰደ።

ደግሞም ሶኬቱ ቢነቀል እንኳ ካፓሲተር ያከማቸውን ኃይል ይዞ ይቈያል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1746 በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ፥ ሙሸንብሩክ የተባለው ሊቅ ኤሌክትሪክ በጠርሙስ ሲያከማች ክፉኛ መትቶታል። ስለዚህ ጠጋኙ አስቀድሞ በሬዚስተር አማካይነት ኃይሉን ያራግፍ ነበር። በመጨረሻም ራዲዮኑን በቀጥታ ሳይሰካ፥ አንድ የ60 ዋት አምፑል በመካከል አስገባ። አምፑሉ ደምቆ ቢቀር በውስጥ የተነካካ ሽቦ አለ ማለት ነው፤ ብልጭ ብሎ ቢደበዝዝ ግን ደኅና ነው። ትንፋሼን ይዤ አየሁ፤ ብልጭ አለና ደበዘዘ።

በዚያው ምሽት ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ወንድሜ ራሱ ተሸክሞ አስገባው። መርፌው በአባቴ የእርሳስ መሥመር አጠገብ ሲደርስ የሰው ድምፅ ያለ እምምታ ወጣ። እናቴ ዓይኗን ጠርጋ፥ «በሉ አቧራ እንዳይገባበት» ስትል ዳንቴሉን አንሥታ ልታለብሰው ቀረበች፤ ያን ጊዜ ዝም ለማለት አልቻልሁም።